የጺም ጥላ አልሸፈን አለኝ፤ ፋውንዴሽን በደረብኩ ቁጥር አመድ እመስላለሁ

ጠይሟ_ማታ · ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እናንተን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኔም እንደናንተ እንደ ሴት መልበስ የምወድ ወንድ ነኝ። እዚህ ሁሉም ሰው «አንቺ» እንደሚባባል ስላየሁ እኔንም አንቺ በሉኝ።

ያስቸገረኝ የጺሜ ጥላ ነው። ጠዋት ቆዳዬ እስኪቆጣ ተላጭቼ እንኳ ከአፌ ዙሪያና ከአገጬ አይጠፋም። መልኬ ጠይም ነው። ጺሜ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ። ፋውንዴሽን አንዴ ብቀባ ጥላው ይታያል። ሦስቴ ብደርብ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ያለፈው ቅዳሜ በሬን ቆልፌ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ኩሉ አምሮልኝ ነበር። ዊጉ ሹሩባ ነው፤ እህቴ ለጥምቀት የምትሠራውን ዓይነት ፈልጌ ነው የገዛሁት። ነጠላዬን ጣል አድርጌ መስታወት ፊት ቆምኩ። ዓይኖቼን አይቼ ደስ አለኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን ከአፍንጫዬ በታች ያለው ፊት የሌላ ሰው ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዷ ጓደኛችን ቤት ቡና አለ። አምስት ስድስት ሰው ብንሆን ነው፤ ሁሉም እንደኛው። ለብሼ ሰው ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ይሆናል። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

እንሶስላ · ሚኒያፖሊስ

እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት። በዚህ ጉዳይ ያላለቀሰ እዚህ ቤት የለም።

ስህተትሽ አንድ ነው። ጥላው የቀለም ችግር ነው፤ አንቺ ግን በውፍረት ልታሸንፊው እየሞከርሽ ነው። የተላጨው ጸጉር ከቆዳው ሥር አሁንም አለ፤ ጥቁር ነው። ብርሃን በቆዳው አልፎ እሱን ነክቶ ሲመለስ በቀይ ሰው ላይ ሰማያዊ፣ በጠይም ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ላይ የቆዳሽን ቀለም ስትደርቢበት ግራጫው ከሥር ይመጣና ከፋውንዴሽኑ ጋር ይቀላቀላል። አመዱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሰማያዊን የሚያጠፋው ተቃራኒው ነው፤ ብርቱካናማ። ስለዚህ ከፋውንዴሽኑ በፊት ጥላው ባለበት ቦታ ብቻ ብርቱካናማ ከሬክተር፣ ማለትም ቀለም የሚያስተካክል ቅባት፣ በስሱ ይቀባል።

አሁን ልብ በይ። ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። እነሱ የኮክ ፍሬ የመሰለ ፈዛዛ ቀለም ይቀባሉ። ያ ለቀይ ሰው ይሠራ ይሆናል። ጠይም ላይ ሲቀባ ግን ራሱ አመድ ይሆናል። እኔ እንዲህ ነው የማስበው፦ ቀይ ከሆንሽ ኮክ፣ ቀይ ዳማ ከሆንሽ ብርቱካን፣ ጠይም ከሆንሽ ጠቆር ያለ ብርቱካን፣ ጥቁር ከሆንሽ ቀይ የገባበት፣ የሸክላ ቀለም የሚመስል። አንቺ ከብርቱካንና ከሸክላ መሀል ያለውን ፈልጊ።

ከሬክተር ካላገኘሽ የማያብለጨልጭ ብርቱካናማ ሊፒስቲክም ይሠራል። ጣትሽ ላይ ትንሽ አድርገሽ መታ መታ። እኔ ሁለት ዓመት በሊፒስቲክ ነው የኖርኩት።

ክር_በመርፌ · አትላንታ

እንሶስላ ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መታጠቢያ ቤት አትቀቢ። የዚያ ቤት መብራት ቢጫ ነው፣ ሁሉን ያሳምራል። ትንሽ መስታወት ይዘሽ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። መስኮት ላይ ያማረ የትም ያምራል። ከቤት የምትወጪው ማታ ከሆነም በሚነጣው አምፖል ሥር አንዴ እዪው።

የማለዳ_ምላጭ · ዳላስ

ቀለሙን እነሱ ነግረውሻል። እኔ ደግሞ ሥራው ግማሹ የሚያልቀው በምላጩ ነው ባይ ነኝ። በደንብ የተላጨ ፊት ሩብ ያህሉን ሜካፕ ነው የሚፈልገው።

ጠዋት ተላጭተሽ ማታ ልትለብሺ አትጠብቂ። ጺም በቀን የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ያድጋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተላጨሽው ማታ አንድ ሰዓት ላይ በጣት ይዳሰሳል። ስለዚህ ለመልበስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀርሽ ተላጪ፤ ቆዳው እንዲያርፍ ጊዜ ስጪው።

መጀመሪያ ሙቅ ሻወር። ጺም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ምላጩም አይጎትተውም። ከሻወር ስትወጪ ፊትሽን ሳታደርቂ ጄሉን ቀቢና ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዪው። አዲስ ምላጭ አድርጊ። እኔ ባለ አንድ ምላጭ ነው የምጠቀመው። በመጀመሪያው ዙር ጸጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ሂጂ። እንደገና ጄል ቀብተሽ በሁለተኛው ዙር ወደ ጎን። በሦስተኛው ሽቅብ። አትጫኚ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢና አልኮል የሌለው ቅባት ቀቢ።

አንዳንዶች «አብዝተሽ ከተላጨሽ ጺምሽ ይወፍራል» ብለው ያስፈሩሻል። ተያቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚልድረድ ትሮተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የተላጨ ጺም ለክታ መላጨት ጸጉርን እንደማያወፍር አሳይታለች። ሲቆረጥ ጫፉ ደልደል ስለሚል ነው የሚሻክረው።

ሳባ_ከያፎ · ያፎ

የማለዳ ምላጭ፣ አክብሬሽ ልቃወምሽ። ያንን «ሽቅብ» ያልሽውን ለሁሉም አትንገሪ።

የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ሽቅብ ሲላጭ ጫፉ ሾሎ ከቆዳው በታች ይቀርና ሲያድግ ዞሮ ራሱን ቆዳውን ይወጋል። ከዚያ ሽፍታ፣ ከሽፍታው ጥቁር ነጥብ። እኔ አንገቴ ላይ ሦስት ዓመት ያልለቀቀኝ ጥቁረት አለ። ያ ከጺም ጥላ ይብሳል፤ ጥላው ሲቀባ ይሸፈናል፣ እብጠት ግን ምን ቢቀባ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይታያል። ጥቁር ሰው ላይ ስለሚበዛ እኮ ነው የአሜሪካ ጦር ለብዙ ዓመታት ወታደሮቹ በሐኪም ወረቀት ጺም እንዲያሳድጉ ሲፈቅድ የኖረው።

ጠይሟ፣ ሽፍታ የሚወጣብሽ ከሆነ ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ ተላጪ። ቆዳሽን በጣትሽ ወጥረሽ አትያዢ። ያበጠውን በመርፌ አትቆፍሪ። ሽፍታው እስኪድን ጥቂት ሳምንት መላጨት ማቆም ካለብሽም አቁሚ። ለጥቁር ወንዶች ተብሎ የሚሸጥ ጺም የሚያነሳ ዱቄትም አለ፤ በውሃ ተቦክቶ ይቀባል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ምላጭ ለማይስማማው ቆዳ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያቃጥላል። መጀመሪያ ከጆሮሽ ሥር ትንሽ ሞክረሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አንዲት ደቂቃ አታሳልፊ። በዚያው ቀንም ሜካፕ አትደርቢበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ጥላውን ለማንጣት ብለሽ ከሱቅ የማንጫ ክሬም አትግዢ። ውስጣቸው ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ ማሸጊያቸው ላይም አይጻፍም። ቆዳን ያሳሳሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ጥላው ደግሞ በእነሱ አይጠፋም። ከሥር ያለው ጸጉር ነው።

የማለዳ_ምላጭ · ዳላስ

ሳባ ልክ ነሽ። የኔ ጺም ቀጥ ያለ ስለሆነ የራሴን ለሁሉ አደረግኩት። ጠይሟ፣ ሦስተኛውን ዙር ተዪው።

መጋረጃ · በርሊን

ለዓመታት መድረክ ኋላ ፊት ስቀባ ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ አሁን እዚህ። ስለዚህ እጄ የሚያውቀውን ልናገር።

ይሄ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። እነሱም ተላጭተው፣ ተቀብተው፣ ነጠላ ለብሰው ነው የወጡት። ይህን ሳስብ ብቻዬን አይደለሁም እላለሁ።

ወደ ሥራው። ለጺም የሚሆነው የመድረክ ፋውንዴሽን ነው፤ እንደ ሊፒስቲክ ተጠቅልሎ የሚወጣው ዱላው። ቀለም የበዛበት ስለሆነ በስሱ ይሸፍናል። እዚህ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው ክሪዮላን የሚባለው የሜካፕ ድርጅት የሚሠራው አለ፤ የኛን መልክ የሚመስሉ ቀለሞችም አሉት። ከተራው ሱቅ ከሆነ ፌንቲ የሚባለው ሜካፕ እ.ኤ.አ. በ2017 በአርባ ቀለም ከወጣ ወዲህ ለጠይም መምረጥ ቀሏል። ለጥቁር ሴቶች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ፋሽን ፌር የሚባለውም አለ።

አቀባቡ ይኸውልሽ። የምስር ፍሬ ያህል ብርቱካናማ ከሬክተር እጅሽ ጀርባ ላይ አድርጊ። በጣት ሙቀት ይለሰልስ። ከዚያ ከላይኛው ከንፈርሽ በላይ፣ አገጭሽ ላይና መንጋጋሽ ላይ መታ መታ እያደረግሽ አስቀምጪው። አታሺው። ስታሺው ከጸጉሩ ቀዳዳ ላይ ይነሳና ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ያንን ቦታ ነው ልንሸፍን የፈለግነው። ሲያልቅ ብርቱካኑ ደማቅ ሊሆን አይገባም። ግራጫው ጠፍቶ ቆዳው ትንሽ የሞቀ መምሰል አለበት። እዚያ ላይ ቁሚ።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት መጣ። ፋውንዴሽኑን ከመቀባትሽ በፊት ከሬክተሩን በፓውደር እሰሪው። ቀለም የሌለው ፓውደር በለስላሳ ጥጥ ንኪ፣ ትርፉን እጅሽ ላይ አራግፊ፣ ከዚያ ፊትሽ ላይ ተጫኚው። ተጫኚ፣ አንሺ፣ ተጫኚ፣ አንሺ። አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ በብሩሽ አራግፊ። ከሬክተሩ እንዲህ ካልታሰረ ፋውንዴሽኑ ብርቱካኑን ይዞት ይዞራል፣ ፊትሽም የተጠበሰ ይመስላል።

ፋውንዴሽኑንም በእርጥብ ስፖንጅ መታ መታ አድርጊ። ቀለሙን ስትመርጪ በእጅሽ አትለኪ፣ በአንገትሽ ለኪ። መንጋጋሽ ላይ አታቁሚው፣ ወደ አንገት ይውረድ። ጺም የሚበቅልበት የአንገት ክፍልም ጥላ አለው፤ ሰው ፊቱን ጨርሶ እሱን ይረሳል። እንደገና ፓውደር ተጫኚ። አለቀ።

የነጠላሽ ነገር ደግሞ ጥሩ አሳብ ነው። ፀጉርሽን ሸፍነሽ አንዱን ጫፍ ከአገጭሽ ሥር አሳልፈሽ ትከሻሽ ላይ ብትጥይው የመንጋጋሽን መስመር ያለሰልሰዋል። ከሥር ያለው ጥላም የጨርቁ ጥላ ይመስላል።

ጠይሟ_ማታ · ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሞከርኩት። ውጤቱን ልንገራችሁ።

ከሬክተሩ ተአምር ነው። አንዱን ጎን ቀብቼ ሌላውን ትቼ ለአምስት ደቂቃ ያህል መስታወት ውስጥ አየሁት። በግራ በኩል ያ የማውቀው ግራጫ። በቀኝ በኩል ቆዳ። ቆዳ ብቻ። እጄን ዘርግቼ ነካሁት።

ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ከፋውንዴሽኑ በኋላ አገጬ ላይ ብርቱካኑ ትንሽ ይታያል። ደግሞ ማታ አራት ሰዓት ገደማ አፌ ዳርና ዳር ተሰነጣጠቀ።

እንሶስላ · ሚኒያፖሊስ

ብርቱካኑ የሚታየው ብዙ ስለቀባሽ ነው። አገጭ ላይ ጥላው ስለሚጠቁር እጃችን እዚያ ይከብዳል። ግማሹን ቀንሺ። ከታየሽም ፋውንዴሽን አትደርቢ፤ ቆዳሽን የሚመስል ኮንሲለር፣ ማለትም ጉድለት መሸፈኛ ቅባት፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነካ አድርጊ።

የሚሰነጣጠቀው ደግሞ ከሥር ስለደረቀ ነው። ከመቀባትሽ ሩብ ሰዓት በፊት ቅባት ይጠጣ። ያልጠጣውን በሶፍት ጠረግ አድርጊው፤ ቅባት ላይ የተቀባ ሜካፕ ይንሸራተታል። የአፍሽ ዳር ላይ የምትቀቢው ከሌላው ቦታ ሁሉ መሳሳት አለበት። ስንስቅም ስንበላም የሚታጠፈው እሱ ነው።

ቡናው ላይ ምግብ መኖሩ አይቀርም። ጉርሻ ይመጣል። ጉርሻ ስትቀበዪ አፍሽን አትጥረጊ፤ ሶፍት አጥፈሽ ጫን አድርጊና አንሺ። ላብም እንዲሁ። በቦርሳሽ ትንሽ ፓውደር ያዢ፤ መታጠቢያ ቤት ስትገቢ ከላይኛው ከንፈርሽ በላይ አንድ ሁለቴ ጫን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጺሙ በሜካፑ መሀል ብቅ ማለቱ አይቀርም። እሱ የሰው ልጅ ሰውነት ነው፤ አትፍሪው።

ጓዳ · አዲስ አበባ

እኔ እዚህ ያላችሁትን ብዙውን አላገኝም። ከሬክተር ብዬ ሱቅ ጠይቄ አላውቅም፤ ወንድ ሆኜ ስጠይቅ ያዩኛል ብዬ። ብርቱካናማ ሊፒስቲክ ግን «ለእህቴ» ብዬ ገዛሁ። ዛሬ ሌሊት ሰው ሲተኛ በስልኬ መብራት ሞከርኩት። ሠራ። እንሶስላ፣ አመሰግንሻለሁ። ፎቶ አነሳሁ፣ ላሳያችሁም ነበር።

ክር_በመርፌ · አትላንታ

ጓዳ የኔ ውድ፣ ፎቶውን እዚህ አትለጥፊ። ደስታሽ ይገባኛል። ነገር ግን አንቺ ያለሽበት ቦታ ከኛ ይለያል፤ ከጀርባሽ የሚታይ መጋረጃ እንኳ ሰው ያውቀዋል። ከስልክሽም አጥፊው፤ ከስልክ ጋር ተያይዞ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ካለ እሱንም። ገልፍ፣ የዓረብ አገሮቹ፣ ላላችሁትም ይሄው ነው ምክሬ። ጻፉልን፣ በቃላት እናያችኋለን።

ሊፒስቲኩን ስታስለቅቂ ደግሞ በውሃ ብቻ አይለቅም። ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በጥጥ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ ከዚያ በሳሙና። ጠዋት ጆሮሽ ሥርና የፀጉርሽ ዳር ቀለም አለመቅረቱን እዪ።

ጸጥታ · ቶሮንቶ

ከቀለም ወጥቼ ስለ ሌዘር ልናገር፤ ብዙ ሰው በውስጥ ስለሚጠይቀኝ።

ሌዘር የሚያነጣጥረው ጥቁሩ ቀለም ላይ ነው። የጸጉሩን ጥቁር ፈልጎ ያቃጥላል። ቆዳችን ራሱ ቀለም ስላለው የተሳሳተ መሣሪያ ጸጉርና ቆዳ አይለይም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበት ቤት የቆዳዬን ዓይነት ሳይጠይቀኝ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ጉንጬ ላይ እንደ ሳንቲም የከበቡ ጥቁር ምልክቶች ወጡ። እስኪጠፉ ስምንት ወር ፈጀ። ስለዚህ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመከረው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። ወደ ጥልቀት ስለሚገባ ላዩን ቆዳ ብዙ አይነካም። ከመጀመርሽ በፊት «መሣሪያችሁ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካላወቁ ተነሺ። ቤት ውስጥ የሚጠቀሙበት የብርሃን መሣሪያም ብዙዎቹ ለጠቆረ ቆዳ አይሆኑም፤ ማሸጊያው ላይ የቆዳ ቀለም ሠንጠረዥ አለ፣ እሱን አንብቢ።

በአንዴ አያልቅም። ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየወሩ ወይም ከዚያ ራቅ እያለ፤ ጺም ላይ ሲሆን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ጸጉሩን ይቀንሰዋል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። ሽበትን ጨርሶ አይነካም፤ ቀለም የለውማ። ለሽበት ያለው ኤሌክትሮሊሲስ ነው። አንድ በአንድ በመርፌ ነው የሚሠራው። ለፊት ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል። ግን የሄደ ጸጉር አይመለስም።

አስቀድማችሁ አስቡበት። ቀን ቀን ጺም ያለው ሰው ሆናችሁ መኖር የምትፈልጉ ከሆነ ሌዘር ያሳሳው ጺም እንደ ድሮው አይመለስላችሁም። እኔ አልቆጨኝም። አንድ ጓደኛዬ ግን ጺሙን ይወደዋል፤ በወር አንዴ ተላጭቶ ይለብሳል፣ በዚያም ደስተኛ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጠይሟ_ማታ · ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቶቼ፣ ትናንት ሄድኩ።

አስር ሰዓት ላይ ተላጨሁ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ። ከሬክተሩን የምስር ፍሬ ያህል። ፓውደር፣ ፋውንዴሽን፣ ፓውደር። አንገቴን አልረሳሁም። መኪና ውስጥ ከመውረዴ በፊት መስታወቷን ገልብጬ ሦስት ጊዜ አየሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሩን የከፈተችልኝ ልጅ ሳመችኝ። ጉንጯ ጉንጬን ነካ። ጺሜን ትዳስሰዋለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም አላለችም። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አቦሉን ሳልናገር ጠጣሁ። ከዚያ ቡናውን የምትቀዳው ትልቋ፣ ስልሳ ዓመት ይሆናታል፣ ወደኔ ዞራ «አንቺ ልጅ፣ ቶናውን ከነስኳሩ ነው?» አለችኝ። ስለ ስኳር ነው የጠየቀችኝ። ፊቴን አላየችም፣ ወይም አይታ አልፋዋለች። «አዎ፣ ሁለት ማንኪያ» አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከ በረካው ስለ መልኬ አላሰብኩም።

ሲኒው ጠርዝ ላይ ሊፒስቲክ ቀርቶ ነበር። ዓይኔን አልነቅልም አልኩ።

ጓዳ · አዲስ አበባ

አነበብኩት፣ ደገምኩት። እንኳን ደስ አለሽ። ከንፈርሽ ላይ የነበረው ሊፒስቲክ ምን ቀለም ነው?

ጠይሟ_ማታ · ሲልቨር ስፕሪንግ

የደረቀ ጽጌረዳ ቀለም፣ የማያብለጨልጭ። ቀይ ሞክሬ ነበር፤ ዓይንን ወደ አፍ ዙሪያ ስለሚጠራ ተውኩት። ዓይኔ ላይ ኩሉን አጠንክሬ ከንፈሬን ቀለል አደረግኩ። አንቺም በስልክሽ መብራት ሥር እንዲህ ሞክሪው፤ ከዚያ ጻፊልኝ።